ለሐዘን እንግዳ ለሆናችሁ ልጆቼ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

የምትወዱት ሰው ሲሞትባችሁ ገና እንባችሁ ሳይደርቅ አንድ ጥያቄ ይመጣባችኋል፤ «ለምን?» የሚል። ለምን እሷ? ለምን አሁን? እኔስ ምን በድዬ? ጥያቄው ሲመጣ ደግሞ በዙሪያችሁ ያለ ሰው ሁሉ መልስ ይዞ ይደርሳል። አንዱ «ለበጎ ነው» ይላችኋል፤ ሌላው «ፈጣሪ የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል» ይላችኋል፤ «ሊያስተምርህ ነው» የሚልም አይጠፋም። በክፋት አይደለም የሚናገሩት። ዝምታው ስለሚከብዳቸው ነው።

ሐዘንተኞችን በመደገፍ ሥራ ውስጥ ረጅም ዘመን የቆየን ሰዎች ደጋግመን የምናየው ግን ይህንን ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት የተገኘ ትርጉም እምብዛም አይቆይም። ወራት ሳይቆጠሩ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም አንዳንዴ እምነትን ጭምር ይዞ ይወድቃል። የሚቆየው ዘግይቶ የሚመጣው ነው። ሐዘኑን ያልሸሸ፣ ለፈጣሪውም ያልዋሸ ሰው አንድ ቀን ዞር ብሎ ሲያይ በኑሮው ውስጥ ያገኘዋል። ስለዚህ የምጽፍላችሁ በአብዛኛው ትርጉሙ እስኪመጣ ድረስ በምን እንደምትቆዩ ነው።

ከሥጋ ልጀምር። መንፈሳዊ ቃል ጠብቃችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን በመጽሐፈ ነገሥት የምናነበው ማጽናናትም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፣ ትምህርትም አልሰጠውም። ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፤ ኤልያስ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከአርባ ቀንና ከአርባ ሌሊት ጉዞ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ምግብና ውኃ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ንግግሩ መጨረሻ ላይ።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። ሙሉ ምግብ አልወርድ ሲላችሁ በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ቅመሱ፤ እስክትራቡ አትጠብቁ፤ ሐዘን የረሃብን ስሜት ያጠፋዋልና። ሌሊቱን ባትተኙም ጠዋት የምትነሡበትን ሰዓት አታዛንፉ፤ እንቅልፍን ወደ ቦታው የሚመልሰው ከመተኛው ሰዓት ይልቅ የመነሻው ሰዓት ነው። በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በቀን ብርሃን በእግር ሂዱ። ቡናን ከቀትር በኋላ ተዉት። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ በስምንትና በዘጠኝ ሰዓት ላይ ያነቃል፣ በማግስቱም ሐዘኑን አክብዶ ያመጣዋል። ለሌላ ሰው የታዘዘ የእንቅልፍ ኪኒን አትዋጡ። ቤት ውስጥ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ትልቅ ሰው ካለ መድኃኒቱን መውሰዱን ራሳችሁ ተከታተሉ፤ የቅርብ ሰው በሞተ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ይልቁንም በመጀመሪያው ቀን፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ አደጋ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። «ደረቴን ወጋኝ» ካለ «ሐዘኑ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

መርሳትም ይመጣል። ቁልፍ ይጠፋባችኋል፣ አንድን ገጽ አራት ጊዜ አንብባችሁ ምንም አይገባችሁም። አእምሯችሁ አልተነካም፤ ሸክም በዝቶበት ነው። የሚጻፈውን ሁሉ ጻፉ፤ መኪና የምትነዱ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢቻል ሌላ ሰው ይንዳላችሁ፤ ቤት መሸጥን፣ ሥራ መልቀቅን፣ ማግባትንና መፋታትን የመሰለ የማይመለስ ውሳኔ ቢያንስ አንድ ዓመት አቆዩት። ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚቆጠር ሌላ ውሳኔ አለ፤ «ከእንግዲህ አላምንም» ወይም «ዓለምን ንቄ እመንናለሁ» የሚለው። እሱንም አቆዩት። እውነት ከሆነ በሚቀጥለው ዓመትም እውነት ነው።

ብዙዎቻችሁ «አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች» ሲባል ሰምታችኋል፦ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል። ሐሳቡን በ1969 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያቀረቡት ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ ሲሆኑ የተነሡትም ራሳቸው ለሞት ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ካደረጉት ንግግር ነው። በኋላ ነው ሰው ወደ ሐዘንተኛው አዙሮ መሰላል ያስመሰለው። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ «ገና አልተቆጣሁም፣ የጎደለኝ ነገር አለ» ብሎ ይጨነቃል። ሌላዋ «ተቀብያለሁ» ካለች ከስድስት ወር በኋላ መንገድ ላይ የእናቷን ሽቶ የሚመስል ሽታ ሲያገኛት እንደ መጀመሪያው ቀን ታለቅስና «ወደ ኋላ ተመለስኩ» ብላ ራሷን ትኮንናለች። ወደ ኋላ አልተመለሰችም፤ መሰላሉም መጀመሪያውኑ አልነበረም።

ለእኔ ከሁሉ የሚጠቅመው የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት በ1999 ያቀረቡት አስተሳሰብ ነው። ሐዘንተኛ በሁለት ሥራዎች መካከል ይመላለሳል ይላሉ። አንዱ ሥራ ሟቹን ማሰብ፣ ማልቀስ፣ ፎቶ ማየት፣ መናፈቅ ነው። ሁለተኛው ሟቹ በሌለበት ኑሮን እንደገና መያዝ ነው፤ እሱ ይከፍለው የነበረውን ሒሳብ መክፈል፣ ብቻ መብላትን መልመድ፣ ከጓደኛ ጋር ኳስ ማየት። ጤንነቱ ያለው በመመላለሱ ውስጥ ነው። ጠዋት አልቅሳችሁ ከሰዓት ብትስቁ ሟቹን አልካዳችሁም። ሙሉ ሳምንት አልፎ አንዱን ወገን ጨርሶ ካልነካችሁት ግን ቆም በሉ። ሁልጊዜ በለቅሶ ብቻ ከሆናችሁ አንድ ትንሽ የቤት ሥራ ያዙ። ሁልጊዜ በሥራ ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ፈልጋችሁ ከፎቶው ጋር ተቀመጡ።

አሁን ወደ ጸሎቱ። ብዙ ወጣት የሚሰናከልበት ቦታ ይህ ነው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጸሎቱ ምስጋና ብቻ መሆን አለበት ብሎ ያስባል፣ ምስጋናው ደግሞ ከአፉ አይወጣም፣ ስለዚህ ጸሎቱን ራሱን ይተዋል። የቀደሙት ግን እንዲህ አልጸለዩም። በብዙ እትሞች 13ኛ፣ በሌሎቹ 12ኛ ሆኖ የሚቆጠረውን አጭር መዝሙር ክፈቱ። ስድስት ቁጥር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች «እስከ መቼ» የሚለው አቤቱታ አራት ጊዜ ይመጣል፤ ቀጣዮቹ ሁለት ልመና ናቸው፤ መታመኑ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ነው። 88ኛው (በሌላው አቆጣጠር 87ኛው) መዝሙር ደግሞ ጨርሶ ወደ መጽናናት አይዞርም፤ ጨለማ ላይ ያልቃል። እሱንም ከቅዱሱ መጽሐፍ አላወጡትም። ጌታ ኢየሱስ በአልዓዛር ሞት ያለቀሰው ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ ነው። በቁርኣን 12ኛ ሱራ ነቢዩ ያዕቁብ ስለ ዩሱፍ ከማዘናቸው የተነሣ ዓይኖቻቸው ነጡ፤ «ያማረ ሶብር (ትዕግሥት)» ያሉት እኚሁ አባት ናቸው፤ ጭንቀቴንና ሐዘኔን የማሰማው ለአላህ ብቻ ነው አሉ። ነቢዩ ሙሐመድም በልጃቸው በኢብራሂም ሞት አንብተዋል። እንባ የእምነት ማነስ ነው የሚላችሁ ሰው ቢመጣ እነዚህን አስታውሱት።

የምመክራችሁ አሠራር ይህ ነው። በቀን 10 ደቂቃ፤ በአንድ ቦታ፤ በተመሳሳይ ሰዓት። ከመኝታ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይሁን፤ አልጋ ላይ ሆናችሁ ከጀመራችሁት እንቅልፉን ይዞባችሁ ይሄዳል። መጀመሪያ የምታናግሩትን በለመዳችሁት ስሙ ጥሩት፤ አባቴ፣ ጌታዬ፣ ያ ረብ፣ እንደየእምነታችሁ። ቀጥሎ የዛሬን አንድ ነገር ብቻ አንሥታችሁ አቤት በሉ። «ሕይወት መራራ ናት» አይበቃም፤ ሰፊ ስለሆነ ልብ አይነካም። ይልቁንስ እንዲህ ነው፦ «ዛሬ ቅጽ ስሞላ ‹በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው› የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄ የአባቴን ስልክ ጽፎ ጨረሰ። ሰርዤ የማን እንደምጽፍ አጣሁ። ባለመስኮቱ ‹ቶሎ በል› አለኝ። አንተ ይህን አየህ?» እንዲህ ያለው አቤቱታ እንባ ያመጣል፣ እንባውም ያሳርፋል። ከዚያ ለዛሬ ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ለምኑ፤ እንቅልፍ፣ ወይም ነገ የሚጠብቃችሁን ስብሰባ የምትወጡበት ጉልበት። በመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። የመታመኑ ቃል ከመጣ ይምጣ። ካልመጣ ቦታውን ባዶውን ተዉት፤ ያላመናችሁበትን ቃል አትሙሉበት።

አንድ ሰዓት ብላችሁ አትጀምሩት፤ በሦስተኛው ቀን ትተዉታላችሁ፣ ከሐዘኑ ላይ ጸጸት ትጨምራላችሁ። «ምንም አልተሰማኝም» ብላችሁም አታቁሙት፤ መደንዘዝ የሐዘን አንድ ጠባይ ነው፤ ጸሎታችሁን የሚለካው ስሜቱ አይደለም። ቃል ጨርሶ የጠፋ ቀን ሌሎች የጻፉትን አንድ አጭር ጸሎት አንብባችሁ ተነሡ፤ ወይም በቀስታ እየተነፈሳችሁ አንዲት ሐረግ አሥር ጊዜ በሉ። እምነት የሌላችሁም ብትሆኑ አሠራሩ ይሠራላችኋል፤ ንግግሩን ለሟቹ አድርጉት።

መጻፍ ይረዳል ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔንቤከር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያጠኑት ዘዴ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን፣ ስለ ከባዱ ነገር ሳያቋርጡ መጻፍ ነው። በልዩ ልዩ ጉዳቶች ላይ ጥቅሙ ታይቷል፤ በሐዘንተኞች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ እንደ ግዴታ አትያዙት። ከጀመራችሁት ልክ እንደጨረሳችሁ የባሰ ማዘን የተለመደ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይቀላል። የማይቀል ከሆነ ወይም ስትጽፉ መቆም ካቃታችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡት። ለሟቹ የሚጻፍ ደብዳቤ ከዚህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። አራት ነገር ይኑረው፦ የማመሰግንህ፣ ሳልነግርህ የቀረሁት፣ የተቆጣሁብህ፣ ካንተ ይዤ የምሄደው። ሦስተኛውን አትዝለሉት። ሟችን መልአክ አድርጎ ማሰብ ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን የምትናፍቁት መልአክ አይደለም፣ ያ የሚያስቃችሁና የሚያበሳጫችሁ ሰው ነው።

ስለ ጸጸት ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ከሐዘን ሁሉ እየቆየ የሚያመረቅዘው እሱ ነውና። «ያንን ጥሪ ባነሣው ኖሮ»፣ «ሐኪም ቤት ቀድሜ በወሰድኳት ኖሮ»። ሰዎች «ጥፋትህ አይደለም» ይሏችኋል፤ አይገባም፣ ከጆሮ በታች አይወርድም። ይህን አድርጉ፦ አንድ ወረቀት በመሐል አስምሩ። በግራ «ያኔ የማውቀው» በሉ፤ በቀኝ «ዛሬ የማውቀው»። ያልተነሣውን ጥሪ ብንወስድ በግራ በኩል ያለው ይህ ነው፦ በሥራ ላይ ነበርኩ፤ በሳምንት አምስት ጊዜ ትደውላለች፤ ትናንት ስናወራ ድምፅዋ ደህና ነበር፤ ማታ ልደውልላት አስቤያለሁ። በቀኝ በኩል አንድ መስመር ብቻ አለ፦ የመጨረሻው ጥሪ ነበር። አሁን ወረቀቱን በመስመሩ ላይ አጥፉትና ግራውን ብቻ እያነበባችሁ ፍረዱ። ማንም ዳኛ ቢሆን ሰውን ያኔ ባላወቀው ነገር አይቀጣም። ብዙው ጸጸት በቀኙ በኩል ያለ ነው፤ ዛሬ የመጣ እውቀት ትናንትን ሲከሰው።

ግራውን ብቻ አንብባችሁም የሚቀር ጥፋት ካለ እሱ እውነተኛ ነው፤ እውነተኛ ጥፋት በማባበል አይጠፋም። ሰድባችኋት፣ ተኳርፋችሁ ሁለት ዓመት ሳትጠይቋት፣ የተበደራችሁትን ሳትመልሱ ሞታ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ብዙ ሃይማኖቶች የሚያውቁት መንገድ አለ። ጥፋቱን በስሙ ጥሩት፣ «ከሆነ» እና «ምናልባት» ሳትሉ። ለፈጣሪ ተናዘዙት፤ እምነታችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ለንስሐ አባት፣ ካልሆነም ምሥጢር ለሚጠብቅ አንድ በሳል ሰው በድምፅ ተናገሩት፤ ያልተነገረ ጥፋት በልብ ውስጥ እያደገ ይሄዳልና። ዕዳው ገንዘብ ከሆነ በልኩ ለወራሾቿ መልሱ። ቃል ከሆነ የሚካሰው በሕይወት ላሉት ነው፤ ያኮረፋችሁትን ወንድም ዛሬ ደውሉለት። ከዚያ ቀኑን ጻፉ። ጸጸቱ ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ ይህ አይቀርም፤ ሲመጣ እንደ አዲስ አትከራከሩት፤ «በዚህ ቀን ተናዝዣለሁ፣ በዚህ ቀን መልሻለሁ» በሉትና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።

ከዚህ ቀጥሎ የማስጠነቅቃችሁ ስለ መንፈሳዊ ሽሽት ነው። መልኩ ስለሚያምር ለማወቅ ይከብዳል። ሰውየው በሁለተኛው ሳምንት «ሙሉ በሙሉ ሰላም አግኝቻለሁ» ይላል፤ የሟቹ ስም ሲነሣ ግን ወሬ ይለውጣል። በሳምንት ሰባት ቀን አገልግሎት ላይ ነው፤ ቤቱ አይገባም። ሌሎች ሐዘንተኞችን ያጽናናል፣ ያስተምራል፤ ጨጓራው ግን ይቃጠላል፣ አንገቱ ይደርቃል፣ በትንሽ ነገር ይጮኻል። ሰዎችም «እንዴት ያለ እምነት ነው!» እያሉ ያጠነክሩለታል። እንዲህ ያለው ሰው ሲወድቅ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ደጋፊዎቹ ሁሉ ከተበተኑ በኋላ ነው። በራሳችሁ ላይ ካያችሁት ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ከአገልግሎቱ ግማሹን ቀንሱና በሚተርፈው ጊዜ ስለ ሟቹ ከሚያውቀው ሰው ጋር አውሩ።

ዕቃውን በተመለከተ አትቸኩሉ። ዘመድ ተሰብስቦ «ዓይናችሁ እንዳያየው» ብሎ ቁም ሳጥኑን ባዶ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፤ ከወር በኋላ አንዲት ሹራብ ፈልጎ ማጣት ሁለተኛ ሐዘን ነው። በመጀመሪያው ወር መውጣት ያለበት የሚበላሽና አደገኛ የሆነው ብቻ ነው፦ ምግብ፣ እንዲሁም የተረፈ መድኃኒት፤ ይልቁንም ብርቱ የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ ኪኒን ቤት ውስጥ አይደር፣ ወደ መድኃኒት ቤት ይመለስ። ከሁሉ ቀድማችሁ የስልኩን ነገር ጨርሱ። የድምፅ መልእክቶቹን፣ ፎቶዎቹንና የተጻጻፋችሁትን ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ገልብጡ፤ መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላልና፣ የማታውቁት ድምፅ «ሃሎ» ሲላችሁ የሚሰማችሁን መከራ ከአሁኑ አስቀሩ። ዕቃ መለየት ስትጀምሩ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አትለፉ፣ ብቻችሁንም አትሁኑ፣ ከመሳቢያ እንጂ ከልብስ አትጀምሩ፤ ልብስ ጠረን አለው። ሦስት ክፍል አድርጉት፦ የሚቀር፣ የሚሰጥ፣ ገና ያልቆረጥንበት። ሦስተኛውን በካርቶን አሽጉ፣ ቀን ጻፉበት፣ አስቀምጡት።

«እስከ መቼ ይዘኸው ትኖራለህ፣ ልቀቀው» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አንድ ዘመን በሙያውም ውስጥ እንዲህ ይባል ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ከሟቹ ጋር ያለው ትስስር መልኩን ለውጦ ቢቀጥል ጤናማ ሊሆን እንደሚችል በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል። ስሙን መጥራት፣ ፎቶውን ማስቀመጥ፣ «እሷ ብትሆን ምን ትለኝ ነበር?» ማለት ትስስር ነው። ልዩነቱን በአንድ ነገር ታውቁታላችሁ፤ ትስስሩ ወደ ሕያዋን የሚመልሳችሁ ከሆነ መልካም ነው፣ ከእነሱ የሚያስሸሻችሁ ከሆነ እርዳታ ያስፈልገዋል።

ስለ ማደግ ደግሞ በጥንቃቄ ልናገር። ሪቻርድ ቴዴስኪና ሎውረንስ ካልሁን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1990ዎቹ ከከባድ መከራ በኋላ የሚታይ ዕድገትን አጥንተው በአምስት መልክ ይታያል አሉ፦ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት ይጠልቃል፣ አዲስ መንገድ ይከፈታል፣ ሰው የማያውቀውን ጥንካሬውን ያገኛል፣ ሕይወትን ያደንቃል፣ መንፈሳዊ ለውጥ ያያል። ሁለት ነገር ግን አብረው ያነሣሉ፤ ዕድገቱ የሚመጣው ከሞቱ ሳይሆን ከሞቱ በኋላ ከሚደረገው ትግል ነው፤ ሕመሙንም አያጠፋውም፣ ጎን ለጎን ይኖራሉ። እኔ ሦስተኛ እጨምርበታለሁ፦ ግዴታ አይደለም። ሐዘንተኛን «ምን ተማርክበት?» ብሎ እንደ ፈተና መጠየቅ ጭካኔ ነው። «አድጌያለሁ» የሚለው ቃል ራስን ማጽናኛም ሊሆን ስለሚችል በተግባር ተመልከቱት። ከስድስት ወር ወዲህ ምን በተለየ አደረጋችሁ? ሕመምተኛ ስትጠይቁ አሁን ከበፊቱ ይልቅ ትቀመጣላችሁ? በሰው ለቅሶ ፊት ምክር ሳታቀርቡ መቆየት ቻላችሁ? ስልክ ስትዘጉ «እወድሃለሁ» ትላላችሁ? መንፈሳዊ ዕድገት እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ውስጥ ነው የሚታየው፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ሰው ሲነግረው ነው የሚያውቀው።

በሟቹ ስም በጎ ሥራ መሥራት ለብዙዎች ትርጉም የሚገባበት በር ነው። ትንሽ አድርጋችሁ ጀምሩት፤ በወር አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሟቹ የሚወደውን ነገር። ልጅ ማስጠናት ይወድ ከነበረ አንድ ልጅ አስጠኑ። በመጀመሪያው ዓመት ድርጅት አትመሥርቱ፣ የሐዘንተኞች ቡድንም አትምሩ። ሐዘናችሁ ገና ጥሬ ሳለ የሌላውን ስትሸከሙ ሁለቱም ይፈስሳል።

ሐዘን ሁሉ በሞት አይመጣም፣ ሰውም ሁሉን ሐዘን አያከብርም። የሐዘን ተመራማሪው ኬኔት ዶካ በ1989 ማኅበረሰቡ እውቅና የሚነፍገው ሐዘን ብለው የሰየሙት አለ፤ የወረደ ጽንስ፣ የፈረሰ እጮኝነት፣ ማንም ያላወቀው ፍቅር። የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያዋ ፖውሊን ቦስ ደግሞ መቋጫ ስለሌለው እጦት አስተምረዋል፤ የገባበት ያልታወቀ ሰው፣ ወይም በሕይወት እያለ አእምሮው የተለየ ወላጅ። እንደዚህ ያለ ካለባችሁ ሰው እስኪፈቅድላችሁ አትጠብቁ። ከላይ ያልኩት ሁሉ ለእናንተም ነው።

ጓደኛችሁ ሐዘን ላይ ከሆነ የኢዮብን ወዳጆች አስቡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው አንድም ቃል አልተናገሩትም። እስከዚያ ድረስ ደግ አደረጉ። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መስጠት ሲጀምሩ ነው፤ በመጨረሻም ፈጣሪ የተቆጣው በእነሱ ላይ እንጂ አቤት ባለው በኢዮብ ላይ አይደለም። «የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ» አትበሉ፤ ሐዘንተኛ መለመኛ ጉልበት የለውም። «ነገ በ11 ሰዓት መጥቼ ልብስ አጥብልሃለሁ» በሉ፣ ሂዱም። የሟቹን ስም ጥሩ። ሰው ሁሉ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነውና በስልካችሁ ቀን መቁጠሪያ ላይ ሦስተኛውን ወር፣ ስድስተኛውን ወርና የሟቹን ልደት አሁኑኑ ምልክት አድርጉ፤ ያኔ ደውሉ።

ሐኪም የሚያስፈልግበትን ደግሞ በግልጽ እወቁ። ተራ ሐዘን ይመጣል ይሄዳል፤ በመሐሉ መሳቅ ይቻላል፣ ሰው ለራሱ ያለው ግምትም አይወድቅም። ድባቴ ግን ቀኑን ሙሉ አይለቅም፣ «እኔ የማልረባ ነኝ» ያሰኛል፣ ምንም አያስደስትም። ብርቱው ናፍቆትና ሕመም ሳይላላ ቆይቶ ከሥራና ከሰው የሚያቆም ከሆነ የተራዘመ የሐዘን መታወክ የሚባል ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ቢያንስ ስድስት ወር፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ ለአዋቂዎች ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር ይላል። ለእሱ የተለየ የንግግር ሕክምና አለ፣ ይሠራል። «ምነው ከእሷ ጋር በሄድኩ» የሚል ሐሳብ ብዙ ሐዘንተኛን ሽው ይለዋል፤ እንዴትና መቼ ማለት ከጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያው ቀን ለሰው ንገሩ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ጓደኛችሁ ከሆነ ደግሞ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውንም አትተዉት።

የመጀመሪያው ዓመት መታሰቢያ ሲቃረብ ከሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ሰውነት ያውቀዋል፤ እንቅልፍ ይሳሳል፣ ቁጣ ይፈጥናል። ቀኑን ዝም ብላችሁ አትጠብቁት፣ አስቀድማችሁ ወስኑ፦ ጠዋት ከማን ጋር እንደምትሆኑ፣ የት እንደምትጸልዩ፣ መቼ ብቻችሁን እንደምትቀመጡ። አንድ ነገር ብቻ ይበቃል፤ ሻማ፣ ጸሎት፣ ምጽዋት፣ ወይም ሟቹ ይሄድበት የነበረውን መንገድ በእግር መሄድ። ማታ ደብዳቤውን አውጥታችሁ ከሥሩ አንድ ዓመት ሙሉ ያልነገራችሁትን ወሬ ጻፉለት፤ ማን ወለደ፣ ማን ተመረቀ፣ እናንተ ምን ጀመራችሁ። በማግስቱ ከባድ ቀጠሮ አትያዙ፤ ብዙ ሰው የሚዝለው ያኔ ነው። ያ የታሸገ ካርቶን ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይከፈት፣ ከአንድ ሰው ጋር ሆናችሁ፤ ከእሱም የተወሰነው ተመልሶ ቢታሸግ ምንም አይደለም፤ አዲስ ቀን ጻፉበት።